ሲጋራና መጠጥ ያለበት ታካሚ ሲተኛ፦ ስለ ነርሲንግ ኬር ፕላን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ድሬዳዋና ሐረር ዋርድ ላይ የሚሠሩ አዳዲስ ነርሶችና ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ሁሌም ያነሷቸዋል። ሆስፒታሉ ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ ሕይወት ፋናም ይሁን ጁገል፣ ጥያቄው ያው ነው። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ መጠኑም የምትሠሩበትን ተቋም መመሪያ ይከተላል። እዚህ የምናወራው አልጋው ዙሪያ የኛ ሥራ ስለሆነው የእንክብካቤ ዕቅድ (ኬር ፕላን) ነው።

ሰውዬው የገባው በሳንባ ምች ነው። ስለ መጠጡና ስለ ሲጋራው ለብቻ ማቀድ ለምን አስፈለገ?

በሁለተኛው ቀን የሚያስቸግራችሁ ሳንባው ላይሆን ስለሚችል ነዋ። ይህ ሰው የሆስፒታሉን በር ሲያልፍ መጠጡንም ሲጋራውንም በአንድ ቀን አቁሟል። ማንም አቁም አላለውም፣ እሱም አልተዘጋጀበትም። ለዓመታት ሁለቱን የለመደ ሰውነት ደግሞ ይህን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም፣ ከዚያ ቻርቱ ላይ "ታካሚው አይተባበርም" ተብሎ ይጻፍና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ሕመም ካልታከመ ሊገድል ይችላል። የሲጋራው አይገድልም፤ ግን ሰውዬውን ከአልጋው አስነስቶ ያስወጣዋል፣ ሕክምናውንም ያስጥለዋል። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ሁለቱም ይግቡ፤ መጀመሪያ የሚጻፈው ግን መጠጡ ነው።

"ይጠጣሉ?" ስለው "ኧረ በፍጹም" ይለኛል። አፉ ግን ይሸታል። ምን ላድርግ?

ጥያቄውን ቀይሩት። "ይጠጣሉ?" ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው፤ ያውም ሚስቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። እኛ ጋ ደግሞ ብዙው ታካሚ ሙስሊም ነው። ቤተሰቡ ፊት "እጠጣለሁ" የሚልበት ምንም ምክንያት የለውም። አስታማሚውን ለመድኃኒት ግዢ ወይም ለላቦራቶሪ ላኩት። መጋረጃ ካለ ሳቡ። ቁጭ በሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ "ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሱት መቼ ነው? ትናንት ማታ ነው ወይስ ከትናንት ወዲያ?" በሉ። መጠጣቱ እንደታወቀ አድርጋችሁ ስትጠይቁ ሰውዬው ከመካድ ይልቅ ሰዓቱን ማስታወስ ይጀምራል። "የምጠይቅዎ ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፣ ዛሬ ማታ የሚሰጥዎ መድኃኒት ከሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው" ማለትም ይረዳል። እውነትም ስለሆነ።

ሌላው መግቢያ ጫቱ ነው። ድሬ ላይ "ይቅማሉ?" ተብሎ የሚቆጣ ሰው ብዙም አይገኝም። እሱን ከመለሰ በኋላ "ከበርጫ ሲነሱስ ጨብሲ ይወጣሉ?" በሉት። ብዙ ሰው ጨብሲን መጠጥ ብሎ አይቆጥረውም፤ ምርቃና መስበሪያ ነው፣ እንቅልፍ ማምጫ ነው ይላል። "አልጠጣም፣ ማታ ማታ ለጨብሲ ያህል ብቻ" ያላችሁ ሰው በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ነው። በርጫው ላይም ሲጋራው ሲቀጣጠል ነው የሚውለው። እዚህ አካባቢ ሦስቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱን ብቻ ጠይቃችሁ አትነሱ።

ሰዓቱ ከተነገራችሁ በኋላ አንድ ጥንቃቄ አለ። "ሦስት ሰዓት ላይ ነው የጨረስኩት" ያለ ሰው የማታውን ሦስት ነው የሚላችሁ። ቻርታችሁ በ24 ሰዓት የሚሞላ ከሆነ 21:00 ብላችሁ ጻፉ። ዝም ብላችሁ 3 ብላችሁ ካለፋችሁ፣ ተረኛው 03:00 (ከሌሊቱ 9 ሰዓት) አድርጎ ያነበውና ስሌቱ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል።

መጠኑን እንዴት ልመዝግብ? አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በመለኪያ ነው የሚናገረው።

እንደተናገረው ጻፉት። "በቀን አምስት መለኪያ አረቄ፣ ቅዳሜና እሁድ ቢራ" ከ"አልፎ አልፎ ይጠጣል" መቶ እጥፍ ይሻላል። ቢራውን ማስላት ቀላል ነው፤ 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 13 ግራም አካባቢ ንጹሕ አልኮል ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት (AUDIT) የሚባለው የአጠጣጥ መጠይቅ አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራሙን ነው። ቤት ውስጥ የሚወጣ አረቄና ጠላ ግን ጥንካሬው እንደ ባለሙያዋ ስለሚለያይ ወደ ግራም ለመቀየር አትድከሙ።

ኦዲት 10 ጥያቄ አለው፣ ከ40 ይታረማል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ለጤናው አደጋ ነው ተብሎ ይያዛል። ጊዜ ከሌለ ኬጅ (CAGE) የሚባለው አለ፤ አራት ጥያቄ ብቻ ነው፦ መቀነስ አለብኝ ብለው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲናገርዎ ይናደዳሉ? ጸጸት ይሰማዎታል? ጠዋት ሲነሱ እጅ ለማረጋጋት ይጎነጫሉ? ሁለት "አዎ" ካለ በደንብ መጠየቅ አለበት። አራተኛዋን ብቻዋን እንኳን "አዎ" ካለ እኔ በግሌ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ ሰው በገባ ቀን ማታ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ሲጋራውስ?

"በቀን ስንት ፍሬ? ስንት ዓመት?" በቃ። አንድ ፓኬት 20 ፍሬ ነው። በቀን 10 ፍሬ ለ20 ዓመት ያጨሰ ሰው 10 ፓኬት-ዓመት ይባላል። ነጠላ ሲጋራ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ቢከለከልም፣ ሰዉ አሁንም የሚቆጥረው በፍሬ ስለሆነ በፓኬት ስትጠይቁት ግራ ይጋባል።

የሱሱን ጥንካሬ ለማወቅ ደግሞ የጠዋቷን ሲጋራ ጠይቁ። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው፣ በተለይ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ፣ ዋርድ ውስጥ ይቸገራል።

ችግሩ ከገባ በስንተኛው ሰዓት ነው የሚመጣው?

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከገባበት ሳይሆን ከመጨረሻዋ መጠጥ ነው። ሰው ሁለት ቀን ቤቱ ታሞ ተኝቶ ከሆነ የመጣው፣ ካርድ ሲያወጣ ሰዓቱ ሄዷል።

ከ6 ሰዓት ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ መቅበጥበጥ ይመጣል። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ከባዱ አለ፤ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሰውዬው ያለበትን አያውቅም፣ የሌለ ጉንዳን ከብርድ ልብሱ ላይ ያራግፋል፣ ከግድግዳ ጋር ያወራል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ይወጣል፣ ደም ግፊቱ ያሻቅባል። ሁሉም ሰው እዚያ አይደርስም። ግን የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቀን ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሳንባ ምቹ ተሻለው ተብሎ ክትትሉ የላላበት፣ ቫይታል ሳይን (ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ግፊት) በቀን ሁለቴ የሆነበት ቀን ነው። ኬር ፕላኑ ላይ ሦስተኛውን ቀን በቀኑና በሰዓቱ ቀድማችሁ ጻፉት። የመጨረሻዋን የጠጣው ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ፣ "ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት 3 ሰዓት፦ ጥብቅ ክትትል" የሚል መስመር ካለ፣ ማንም ተረኛ ቢሆን ያየዋል።

የኒኮቲኑ ቀለል ይላል። በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ይብሳል፣ ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት እየረገበ ይሄዳል። ብስጭት፣ ትኩረት ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር ነው። ሁለቱ የሚበረቱበት ቀን ስለሚገጣጠም ነው ሰውዬው የማይቻል የሚሆነው።

መንቀጥቀጡን በምን ልለካ? ዋርዳችን ላይ የተዘጋጀ ቅጽ የለም።

መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም የሚለካ ሲዋ (CIWA-Ar) የሚባል መለኪያ አለ፤ በእጅ ገልብጡት፤ አንድ ገጽ ነው። 10 ነገር ያያል፦ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ መቅበጥበጥ፣ ቆዳ ላይ የሚሄድ ስሜት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ራስ ምታት፣ ቀንና ቦታ መለየት። የመጨረሻው ከ4፣ ሌሎቹ ከ7 ይታረማሉ፤ ጠቅላላው 67 ነው። ብዙ ቦታ ከ8 በታች በክትትል ይያዛል፣ 8 ሲደርስ ሐኪም ይጠራል፣ ከ15 በላይ ከባድ ነው።

መንቀጥቀጡን በዓይን ብቻ አትፍረዱ። እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ፣ ጣቶቹን ይክፈት፣ ከዚያ የጣቶቻችሁን ጫፍ ከጣቶቹ ጫፍ ጋር ግጠሙ። በዓይን የማይታየው በጣት ይሰማል፤ ያ 1 ነጥብ ነው። እጁን ሳይዘረጋ እንኳን የሚታይ ከሆነ 7 ላይ ደርሷል።

ላቡ ላይ ግን ድሬን አትርሷት። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዋርድ ውስጥ ያልላበው ማን አለ? የጎን አልጋውን ተመልከቱ። ሁሉም ካላበው ሙቀቱ ነው፣ እሱ ብቻ አንሶላውን ካራሰ ግን ሌላ ነው። ሐረር ላይ ማታ ደረቱ ላብ በላብ የሆነ ሰው ካያችሁ ወዲያው ጠርጥሩ።

ቅጹን ለመሙላት ሰውዬው መናገር መቻል አለበት። የደነዘዘን ወይም የማይነጋገርን ሰው በሲዋ አትለኩት። ደግሞም የተንቀጠቀጠና የዘባረቀ ሁሉ መጠጥ ያቆመ ሰው አይደለም። ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ኦክስጅኑ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ወባ ሊሆን ይችላል፣ ሰክሮ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ጣቱን ወግታችሁ ስኳር እዩ፣ ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን) እዩ፣ በባትሪ የዓይን ብሌኖቹን እዩ፣ ራሱን ዳብሱ። ይሄ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ተዳክሟል፣ አልበላም። ግሉኮስ ልስቀልለት?

መጀመሪያ ስለ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። ሰውነት ስኳርን ለማቃጠል ያንን ቫይታሚን ይፈልጋል፤ ግሉኮስ ብቻ ሲገባ የቀረችው ጥቂት ታያሚንም ታልቅና አንጎል ይጎዳል። ቨርኒኬ ይባላል፦ ግራ መጋባት፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ ሲራመድ መንገዳገድ። ሰክሯል ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። ቶሎ ካልታከመ ደግሞ የማይመለስ የመርሳት ችግር ይተዋል።

ስለዚህ ታያሚን በመርፌ፣ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ። በክኒን ብቻ መስጠት አይበቃም፣ የጠጪ አንጀት በደንብ አይወስደውም። ለብቻው ካልተገኘ ያለውን አማራጭ ሐኪሙን ጠይቁ። ስኳሩ በጣም ወርዶ ራሱን ከሳተ ግን ታያሚን እስኪመጣ ብላችሁ ግሉኮሱን አታዘግዩ።

ነርሲንግ ዲያግኖሲሱን (ነርሷ የምትለየውን የታካሚ ችግር) ምን ብዬ ልጻፍ? መምህሬ "በጣም ጥቅል ነው" ብለው ይመልሱብኛል።

መምህርሽ ልክ ናቸው። "የዕውቀት ማነስ" ብሎ መጀመር የለመደብን ነገር ነው፤ እየተንቀጠቀጠ ላለ ሰው ግን የመጀመሪያው ችግር ዕውቀት አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። የ45 ዓመት ባጃጅ ሾፌር ነው እንበል፣ ከገንደ ቆሬ። በሳንባ ምች ገባ። በየማታው አረቄ፣ በቀን 20 ፍሬ ሲጋራ፣ ጫት በየቀኑ። የመጨረሻዋን የጠጣው ትናንት 21:00 ነው። አንደኛው መስመር እንዲህ ይሁን፦ "ለጉዳት የመጋለጥ ስጋት፤ ምክንያት፦ በየቀኑ ይጠጣ የነበረ አልኮል በድንገት መቋረጡ።" ስጋት ስለሆነ ምልክት አይጻፍበትም፣ ምክንያቱ ይበቃል። ግቡ ደግሞ የሚለካ ይሁን፦ "በሚቀጥሉት 72 ሰዓታት ሳይወድቅና ሳይንፈራገጥ ይቆያል፤ ሲዋ ከ8 በታች ይሆናል።" "ታካሚው ይሻለዋል" ግብ አይደለም፣ ምኞት ነው።

ሥራውን ስትጽፉ ማን፣ በየስንት ሰዓት የሚለው ይኑርበት። ሲዋ በየ4 ሰዓቱ፣ ከ8 ካለፈ በየሰዓቱ። አልጋው ዝቅ ይበል፣ የጎን ብረቱ ይነሳ፣ ሰክሽን (አክታና ትውከት መሳቢያ) አጠገቡ ይሁን፣ ከተቻለ ለነርስ ጠረጴዛው የቀረበ አልጋ ይሰጠው። ዲያዜፓም (መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋው መድኃኒት) ከታዘዘ ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ትንፋሹን ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ12 በታች ከወረደ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ አትስጡ፣ ሐኪም ጥሩ። ጉበቱ የተጎዳ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ዲያዜፓም ሰውነት ውስጥ ይቆያልና ይህንንም ለሐኪሙ አስታውሱት። ክሎርፕሮማዚን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) ብቻውን "ዝም እንዲል" ተብሎ ከታዘዘ ደግሞ ጠይቁ፤ መንፈራገጥን ሊያቀርብ የሚችል መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው መስመር የአየር መንገዱ ነው፦ ሲጋራ ያቃጠለው ሳንባ አክታውን ማውጣት ያቅተዋል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ በጥልቀት ይተንፍስ፣ ያስል፣ ልብና ኩላሊቱ ከፈቀዱ ውሃ ይጠጣ። የቆየ የሳንባ ሕመም ካለበት ኦክስጅኑን 100 ለማድረስ አትሩጡ፣ 88–92 ነው የሚፈለገው። ሦስተኛው ምግቡ፣ አራተኛው እንቅልፉ፣ ትምህርቱ መጨረሻ ላይ፣ ራሱ ጥያቄ መጠየቅ በጀመረ ቀን።

ቤተሰቡ "ጂኒ ነው የያዘው፣ እናውጣው" ይላል። ምን ልበል?

ይሄ በተለይ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ይመጣል። የማይታይ ሰው ጋር የሚያወራ ወንድማቸውን እያዩ ሌላ ምን ሊሉ ነው? አትሟገቱ። "እምነታችሁን አልነካም፤ ግን ይሄ መጠጥ ሲቆም የሚመጣ ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው፣ የባሰ አደጋ ያለው ደግሞ እነዚህ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው" በሏቸው። ቁርኣን እዚሁ አልጋው አጠገብ ይቀራለት። ክርስቲያኖቹ ጸበል ቢያመጡለት፣ ቅባ ቅዱስ ቢቀቡት፣ ምን ችግር አለው? ወደ ጸበል መሄድ ከፈለጉም ክትትሉን ከጨረሰ በኋላ ይሂዱ። መንገድ ላይ ወይም ጸበል ቦታ ተኝቶ ቢንፈራገጥ ማን ይደርስለታል? ይህን እንዲህ በግልጽ ስትነግሯቸው ብዙዎቹ ይቆያሉ።

አስታማሚ ደግሞ ሥራ ስጡት። ስሙን እየጠራ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና የት እንዳለ ቀስ ብሎ ይንገረው። መብራት አይጥፋ፣ ደብዛዛ ይሁን። ጠያቂ ይቀነስ። ስምንት ሰው አልጋ ከቦ በሦስት ቋንቋ ሲያወራ ጤነኛም ይዞርበታል።

ማሰር ይቻላል?

የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እጅና እግሩ በየጊዜው እየታየ። የታሰረ ሰው የበለጠ ይታገላል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ ቢያስመልሰው ደግሞ ይታነቃል። ብዙ ጊዜ ገመድ የሚፈለገው መድኃኒቱ ሲዘገይ ነው።

"አቦ ሲስተር፣ አንድ ፍሬ ብቻ" እያለ እየወጣ ያጨሳል። ልከልክለው?

ጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ማጨስ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ሕጉን ንገሩት፣ ግን በዚያ አትቁሙ። ኦክስጅን ያለበት ክፍል ውስጥ ሲጋራ እሳት ነው፣ ይሄ ድርድር የለውም፤ ላይተሩን ራሱ ለአስታማሚው ይስጥ። የሚያምረው ስሜት በራሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። እነዚያን ደቂቃዎች የሚያሳልፍበት ነገር ፈልጉለት፦ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ማስቲካ፣ ኮሪደሩን ደርሶ መመለስ፣ ስልክ መደወል። የኒኮቲን ፕላስተር ከተገኘና ሐኪሙ ካዘዘ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ21 ሚሊ ግራሙ ይጀምራል። በየቀኑ ቦታው ይቀያየር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አሚኖፊሊን (የአየር መንገድ የሚያሰፋ መድኃኒት) እየወሰደ ከሆነ ሲጋራ ማቆሙን ለሐኪሙ ንገሩ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ያንን መድኃኒት ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገው ነበር፤ ጭሱ ሲቆም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም መንፈራገጥ ያመጣል። ከመጠጡ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አያችሁ? ሥራውን የሚሠራው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ስለሆነ ፕላስተር መለጠፍ ይህን አያስቀርም።

በነገራችን ላይ ጠያቂ የሚያመጣውን ሃይላንድም ተመልከቱ። አረቄ ቀለም የለውም። ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ነውር አይደለም፤ ግን ፊቱ አታድርጉት። ካገኛችሁ ጩኸት አያስፈልግም፣ ሰዓቱንና የጎደለውን መጠን መዝግቡ፤ ዲያዜፓም እየተሰጠው ከሆነ ወዲያው ለሐኪም ይነገር። ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ያቆማሉ።

ሁለቱንም አንድ ላይ ያቁም ወይስ አንድ በአንድ?

"መጀመሪያ መጠጡን፣ ሲጋራዋ ትቆይለት" የሚል የቆየ አስተሳሰብ አለ። ሲጋራ ማቆም የመጠጡን ሕክምና አያበላሽም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ስለሚጠራ ቢራ ሲይዝ እጁ ሲጋራ መፈለጉ አይቀርም። ሆኖም ውሳኔው የሱ ነው። "ሁለቱንም አቁሜያለሁ፣ ጫትም በቃኝ" ብሎ በአራተኛው ቀን የሚምል ሰው ደስ ቢልም፣ ዕቅዱ ላይ የምትጽፉት ግን ሊያደርገው የሚችለውን ነው።

ጫቱ ሲቋረጥስ?

አደገኛ አይደለም፣ ግን ምስሉን ያደበዝዛል። ጫት ያቆመ ሰው ይተኛል፣ ይጫጫነዋል፣ ይከፋዋል፣ ሌሊት ዱካክ (ቅዠት) ይመጣበታል። መጠጥ ያቆመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይተኛም። ሁለቱን ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊያንቀላፋ ይችላል፤ "ተረጋግቷል" ብላችሁ ክትትሉን አታላሉ። ቅሞ የመጣ ከሆነ ደግሞ የልብ ምቱና ግፊቱ በጫቱም ይወጣልና የቃመበትን ሰዓትም ጻፉት።

በረመዳን የገባ ታካሚ ላይ የሚለይ ነገር አለ?

የታመመ ሰው ከጾም ነፃ መሆኑን ያውቃል፣ አንዳንዱ ግን እንቢ ይላል። የመድኃኒት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዘዋወር ከተቻለ ሞክሩ፤ ዴሊሪየም የሚያሰጋው ሰው ላይ ግን አይሠራም፣ ቤተሰቡና ከተቻለ ሼኩ ይንገሩት። ለሲጋራው ግን ረመዳን ትልቅ አጋጣሚ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የዋለ ሰው "አልችልም" ሊላችሁ አይችልም። ማታ የሚያጨሳትን የመጀመሪያዋን ብቻ እንዲያዘገይ ተነጋገሩ።

ታካሚዋ ሴት ብትሆንስ?

ከወንዱ ይልቅ ትደብቃለች። አረቄ የምታወጣ ወይም ጠላ የምትሸጥ ሴት "እቀምሳለሁ እንጂ አልጠጣም" ትላለች፤ ስንት ጊዜ እንደምትቀምስ ጠይቋት። በዚያው መጠን የሴት ጉበት ከወንድ ቀድሞ ይጎዳል። እርግዝና ካለ ለሕፃኑ አስተማማኝ የሚባል የመጠጥ መጠን የለም። እቤት የሚደበድባት ሰው እንዳለም ለብቻዋ ስትሆን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መጠጡ ከዚያ ጋር ይያያዛል።

ሲወጣ ምን ልንገረው?

ትንሽ ነገር፣ ግን የሚያስታውሰው። መጠጥ ከጀመረ በኋላ እንደገና ለማቆም ከፈለገ ቤቱ ብቻውን በአንድ ቀን አይቁረጥ፣ ይምጣ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ከሆነ መጠጥ ከአይሶናያዚድ ጋር ጉበት ላይ እንደሚበረታ ንገሩት፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘለት ያኔ እንዳይጠጣ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞልን እንደ ከረሜላ እንዳይወስድ። ቀጠሮው የአእምሮ ጤና ክፍል ጋር በቀን ይጻፍ፤ "ካስፈለገዎ ይምጡ" የተባለ ሰው አይመጣም።

ከማን ጋር እንደሚጠጣና የት እንደሚቅምም አውሩ። ጓደኞችህን ተው ማለት ቀላል ነው፤ ባጃጅ ተራው፣ በርጫው፣ ጨብሲው ሁሉ ከነዚያው ሰዎች ጋር ከሆነ ግን ሕይወቱን ተው ማለት ነው። "ከቃምክ በኋላ የሚያስቸግርህ ሰዓት የቱ ነው? በዚያ ሰዓት የት ልትሆን ትችላለህ?" ብትሉት መልሱን እሱ ያውቀዋል። አንዱ እናቱ ቤት ይላል፣ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ሾርባ ጠጥቶ መተኛት ይላል። የሱን መልስ ጻፉለት።

ወጥቶ በወሩ ተመልሶ ገባ። ኬር ፕላኑን እንዳለ ልቅዳው?

አትቅዱት። መጠጥ እየተወ እየጀመረ የቆየ ሰው በእያንዳንዱ መቋረጥ ሕመሙ እየከበደ ሊሄድ ይችላል፤ ባለፈው መንቀጥቀጥ ብቻ የነበረው በዚህኛው ሊንፈራገጥ ይችላል። የድሮውን ካርድ አስወጡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ያኔ ተንፈራግጦ ነበር? ዴሊሪየም ውስጥ ገብቶ ነበር? ስንት ዲያዜፓም ነበር ያረጋጋው? አንዱም ካለበት በአዲሱ ዕቅድ ላይ ምልክቱ እስኪታይ ሳትጠብቁ ከመጀመሪያው ሰዓት ለሐኪሙ አሳውቁ። ሰውዬው አፍሮ ሊሆን ይችላል፣ ዓይናችሁንም ላያይ ይችላል። "እንኳን መጡ ጋሼ፣ ባለፈው ስንት ቀን ቆዩ ሳይቀምሱ?" በሉት። አሥር ቀንም ቢሆን፣ እነዚያን አሥር ቀናት ምን እንደረዳውና በአሥራ አንደኛው ምን እንደተፈጠረ ጠይቃችሁ አዲሱን ዕቅድ ከዚያ ጀምሩ።